የጭቃው መስኮት

ከባቡር ስንወርድ ካፊያው አላባራ፤
ሴትዮዋ ቆማለች ጃንጥላዋን ወጥራ።
«ቫልትራውት ነኝ» አለች፤ እጃችንን ጨበጠች፣
ስማችንን ልትጠራ ሞክራ ሞክራ ተወች።

ከማዘጋጃ ቤት ነን፣ ከደሴ የመጣን፣
«ልምድ ቀስማችሁ ኑ» ብለው፣ አበል ቆርጠውልን።
ወንድይፍራው፣ ኢንጂነሩ፣ ካሜራውን አንግቷል፤
የአስካለች አፍንጫ በብርዱ በርበሬ መስሏል፤
አስተርጓሚው መክብብ ፊት ፊት ይላል፤
እኔም፣ ከመሬት ክፍል፣ ደብተሬ በብብቴ፣
«አሮጌው ከተማ» ሲሉ ሳቅ መጣ ካንጀቴ፦
አሮጌ ለማየት ነው ይህን ያህል መብረር?
እሱማ ሞልቶን የለ በየሰፈር!

ኤርለንሮት ትባላለች። ድንጋዩ ያዳልጣል፤
ጎዳናው ጠቦ ጠቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል።
ግራና ቀኝ ቤቶቹ፣ ወገባቸው ጎብጦ፣
አንዱ ባንዱ ትከሻ አገጩን አስቀምጦ፣
እንደ ድግስ ማግስት ሽማግሎች
ወሬ የሚቀባበሉ፣
«አንተ ከወደቅህ እኔም» የሚባባሉ።

ከአንዱ ቤት መቃን ላይ የተቀረጸ አለ፤
ቫልትራውት አነበበች፣ መክብብ እየተከተለ፦
«ዮስት ቆዳ ፋቂው ከሚስቱ ካትሪና
በሺህ አምስት መቶ ሰማንያ ሁለት ሠሩኝና፣
እሳት አይንካኝ፤ ጎረቤትም አይክፋኝ።»
«ፋቂ?» አለ ወንድይፍራው።
«ፋቂ ስሙን በር ላይ ያስጽፋል?»
ማንም አልመለሰለትም።

«ኑ፣ ጠጋ በሉ» አለች። ግድግዳው ላይ መስኮት፣
የመጽሐፍ ገጽ የምታክል፣ ፊቷ መስታወት፤
ውስጧ አምፖል በርቶ፣ እንደ ንዋየ ቅድሳት።
«አራት መቶ ዓመት ቤቱን ያቆመው ይሄ ነው»።
ግንባሬን አስጠጋሁ። ትንፋሼ አጨለመው።
በእጅጌዬ ወለወልኩ።

ጭቃ።

ጭቃ ነው። ጭድ የገባበት።
ማገሩ ተጠላልፏል፤ ጭዱ እንደ ሽበት
ከጫፍ ከጫፉ ሾልኳል፤ ከታች በኩል ደግሞ
የአምስት ጣት ዱካ አለ፣
የመራጊው መዳፍ፣ እንደ ደረቀ ቀርቶ።

አስካለች ሳቀች፦ «ጭቃ ቤት ነው እንዴ!»
ቫልትራውት ምን እንደተባለ ሳታውቅ አብራ ሳቀች።
የኔ አፍ ግን ደረቀ።

ባለፈው ኅዳር ነው፤ ቀይ ቀለም በቆርቆሮ፣
ብሩሹን ይዤ ስዞር ከጓሮ ጓሮ፣
እትዬ ዘርትሁን ከደጃቸው ወጡ፤
አልጮሁም፣ አልተቆጡ።
«ልጄ፣ ይህን ግድግዳ እኔ ነኝ የመረግሁት፤
ሳምንት አብላልቼ፣ በእግሬ ያቦካሁት።
በየዓመቱ መስከረም አንዴ እለስነዋለሁ፤
እስኪ በእጅህ ዳሰው። እኔ እጠብቅሃለሁ።»
አልዳሰስኩም።
ብሩሹን ነከርኩና መስቀለኛ አሰመርኩ።
ቀለሙ ቁልቁል ወርዶ ጭዱን አረጠበው፤
የሴትዮዋ ጣት በሰረጎደበት
ቆም አለ፣ ሞላ፣ ከዚያ ፈሰሰ።
ቅጹን ቁሜ ሞላሁ፦
የግንባታው ዓይነት፦ ጭቃ።
ዕድሜ፦ ያለፈበት።
ግምት፦ የለውም።

«ጥያቄ አለ?» አለች ቫልትራውት።
ዝም ተባባልን። ካፊያው ጃንጥላዋን ይመታል።
ሳላስበው እጄን አነሳሁ፣ እንደ ተማሪ ቤት፦
«የዚህ ቤት ግምቱ ስንት ነው?»
መክብብ ጠየቀልኝ። ሴትዮዋ ግድግዳውን
እንደ ላም ጎን መታ መታ አድርጋ፣
ረጅም ነገር ተናገረች፤
መክብብ አሰብ አድርጎ አሳጠረልኝ፦
«ግምት የለውም፣ ነው የምትለው።»

ሁለት ቃል። ያው ሁለት ቃል።

ወንድይፍራው ፎቶ አነሳ። ሌሎቹ ወደ ወንዙ ወረዱ።
እኔ መዳፌን በመስታወቱ ላይ፣ በዚያ መዳፍ ፊት ለፊት
ዘርግቼ ትንሽ ቆየሁ፤
የሱ ጣት ከኔ ያጥራል፤ ብርጭቆው ቀዝቃዛ ነው።
ደብተሬን ገለጥኩ፦ «የተቀሰመ ልምድ» ይላል ርእሱ፤
ከሥሩ ባዶ መስመር።

ዛሬ ዓርብ ነው።
ዶዘሩ ማክሰኞ።